የስቶርም መጽሐፍ ልትገዙ ነው? ሽፋኑን አትመኑ

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ 13 ዓመት ሞላት። ኤክስ-ሜን የሚባለው፣ ልዩ ኃይል ስላላቸው ጀግኖች ቡድን የሚተርከው የአሜሪካ ኮሚክ (በሥዕል የሚነገር ታሪክ) ነፍሷ ነው። ከሁሉም ደግሞ ስቶርምን ትወዳለች፤ ያቺን ጥቁር ቆዳ ነጭ ፀጉር፣ ሰማዩ የሚታዘዛትን። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ አገኘሁና "የስቶርም መጽሐፍ አምጣልኝ" አልኩት። አመጣ። ሽፋኑ ላይ ስቶርም መሀል ቆማለች፣ በሁለት እጇ መብረቅ ይዛለች። ልጅቷ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ቤታቸው በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ በአንድ ከሰዓት ጨረሰችው። ከዚያ መጣችና፣ "አቦ አጎቴ፣ እሷ የታለች ታዲያ?" አለችኝ።

አብረን እንደገና ገለጥነው። አንድ ቦታ ላይ ጭጋግ ታመጣለች። ሌላ ቦታ መብረር የማይችሉትን ጓደኞቿን በነፋስ ታሻግራለች። መጨረሻ ላይ አንድ መብረቅ ትጥላለች። የሚጨነቀው፣ የሚከራከረው፣ የሚወስነው ሁሉ ሌላ ሰው ነው።

ይህ የአንድ መጽሐፍ ችግር አይደለም። አሳታሚዋ ማርቭል ስቶርምን ለዓመታት የያዛት እንዲህ ነው። (ዓመቶቹ፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሌን ዊን እና ዴቭ ኮክረም ስቶርምን (የራሷ ስም ኦሮሮ ሞንሮ ነው) በ1975 ፈጠሯት። እሷ በወጣችበት በዚያው መጽሐፍ ዎልቨሪን የሚባለው ጀግናም የኤክስ-ሜንን ቡድን ተቀላቀለ። እሱ በ1982 የራሱን አጭር ተከታታይ አገኘ። በ1988 የራሱ መደበኛ ተከታታይ ተጀመረለትና እስከ 2003 ድረስ 189 ቁጥር (እትም) ሄደ። እሷስ? የመጀመሪያዋ አጭር ተከታታይ በ1996 ወጣ፣ 4 ቁጥር ብቻ። መደበኛ ተከታታይ እስክታገኝ 2014 ደረሰ። 39 ዓመት መሆኑ ነው። እሱም በ11ኛው ቁጥር ቆመ። አንድ ቤት በአንድ ቀን የገቡ ሁለት ልጆች ናቸው። አንዱ ማዕድ ቀረበ፤ ሌላዋ እጅ ስታስታጥብ ኖረች።

የሚያንገበግበኝ ታሪክ ያጣች አለመሆኗ ነው። አባቷ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ፣ እናቷ ኬንያዊት ልዕልት ናት። ተወልዳ ኒው ዮርክ፣ አድጋ ካይሮ። በስዊዝ ካናል ጦርነት ጊዜ አውሮፕላን ቤታቸው ላይ ወድቆ ወላጆቿ ሞቱ። እሷ ከእናቷ ሬሳ አጠገብ ፍርስራሽ ውስጥ ተቀብራ ቆየች። እስከ ዛሬ ጠባብ ቦታ ውስጥ ትንፋሽ ያጥራታል። ከዚያ የካይሮ ኪስ አውላቂ ሆነች፤ ቀጥላ በእግሯ ወደ ደቡብ ተጓዘች፤ ኬንያ ስትደርስ ሰው እንደ አምላክ ሰገደላት። በ1986 ደግሞ ምንም ኃይል ሳይኖራት የቡድን ጓደኛዋን ሳይክሎፕስን ገጥማ አሸንፋ የቡድኑን መሪነት ወሰደች። እንዲህ ያለች ሰው ጭጋግ እንድታመጣ ብቻ ስትጠራ ያናድዳል።

ስለዚህ የስቶርምን መጽሐፍ ስመርጥ አንድ ነገር ብቻ ነው የማየው፦ ወሳኟ እሷ ናት ወይ? በዚህ ከመዘንናቸው ፉክክሩ በሁለት መጽሐፎች መካከል ነው። አንደኛው ግሬግ ፓክ ጽፎት ቪክቶር ኢባኔዝ የጀመረው የ2014 ተከታታይ ነው፤ በ2 ቅጽ ተጠቃሏል። ሁለተኛው ክሪስ ክሌርሞንት ጽፎት ባሪ ዊንዘር-ስሚዝ የሣለው ነው፤ "ላይፍዴዝ" የሚባሉት ሁለቱ የአንካኒ ኤክስ-ሜን ቁጥሮች፣ 186 (1984) እና 198 (1985)።

ከፓክ ልጀምር። የመጀመሪያው ቁጥር ሳንቶ ማርኮ በምትባል የፈጠራ አገር ይከፈታል። ሱናሚ ወደ መንደሩ እየመጣ ነው። ስቶርም ብቻዋን ታቆመዋለች። ሰዉ ተደስቶ ሳይጨርስ የታጠቁ ሰዎች ደርሰው ከዚህ ውጪ ይሏታል። ነገር እንዳይካረር ብላ ትሄዳለች። ወደምትመራው ትምህርት ቤት ስትመለስ አንዲት ተማሪ ፊት ለፊት ትናገራታለች። ቃሉ ይከነክናታል። መጨረሻ ላይ ወደ መንደሩ ተመልሳ ከሰዎቹ ጋር ፍርስራሽ ታነሳለች።

ይህን ትዕይንት የድሬ ሰው ሲያነበው ይለያል። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ የሚውል ወንዝ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ዝናቡ ከላይ ደጋው ላይ ይጥላል፤ ውኃው ግን እኛ ጋ ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ሞልቶ መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ያንን ያየ ሰው ውኃውን ከማቆሙ ይልቅ ማግስቱን ነው የሚያስታውሰው፤ ጭቃውን፣ አካፋውን፣ ሰው የሚፈልገውን ሰው። ፓክ ያ ማግስት ገብቶታል። ስቶርም ውኃውን ስታቆም አምላክ ነው የምትመስለው፤ ድንጋይ ስታነሳ ግን ሰው ናት። የእህቴ ልጅ እዚያ ገጽ ላይ ብዙ ቆየች። ምንም አላለችም፤ ገልጣ አለፈችና ተመልሳ አየችው።

ላይፍዴዝ ሌላ ዓይነት ነው። ኃይሏን ያሳጣት መሣሪያ የተሠራው ፎርጅ በሚባል ሰው እጅ ነው። እሷ ይህን ሳታውቅ ቤቱ ታገግማለች፤ ትወደዋለችም። አብዛኛው ታሪክ ሁለት ሰዎች አንድ ቤት ውስጥ ሲነጋገሩ ነው። እውነቱን ያወቀችበት ቦታ በኮሚክ ካነበብኩት ሁሉ ይበልጥብኛል። ቁጥር 198 ላይ ያለ ኃይሏ አፍሪካ ውስጥ በእግሯ ስትጓዝ እናገኛታለን። አገሩን ድርቅ መቶታል። ዝናብ ማምጣት የምትችለዋ ሴት ዝናብ ማምጣት አትችልም። በእጇ ሕፃን ታዋልዳለች። መጽሐፉ የወጣው የእኛ የ1977 ዓ.ም. ድርቅ በዓለም ሁሉ አፍ ላይ በነበረበት ወቅት ነው። በዚያው ዓመት ማርቭል ለአፍሪካ ረሃብተኞች ገንዘብ ማሰባሰቢያ የሚሆን የኤክስ-ሜን ልዩ እትም እንዳወጣም ልብ በሉ።

ታዲያ የቱን ብትገዙ ይሻላል? በጥልቀት ላይፍዴዝ ይበልጣል፤ ለዚህ አልከራከርም። ሥዕሉም የትናየት ነው፤ የዊንዘር-ስሚዝን መስመር በመጠን ትልቅ በሆነ ወረቀት ካላያችሁት አላያችሁትም። ችግሩ ሁለት ነው። ክሌርሞንት ጽሑፍ ያበዛል። አንዷ ሥዕል ላይ ሙሉ አንቀጽ ይደረድራል፣ እንግሊዝኛውም ከበድ ይላል። ሁለተኛ፣ ከረጅም ታሪክ መሀል የተቆረጠ ስለሆነ ጀማሪ አንዳንድ ሰዎችን "ይሄ ደሞ ማነው?" ማለቱ አይቀርም። ፓክ ግን አጭር አጭር ያወራል። እንግሊዝኛ ገና እየተማረች ያለች ልጅ መዝገበ ቃላት ሳታነሳ ታነበዋለች። አብዛኛው ቁጥር ለብቻው ያልቃል። ድክመቱ ሁለተኛው ቅጽ ላይ ነው፤ ተከታታዩ እየተዘጋ መሆኑ ስለሚታወቅ ጥድፊያው ይሰማል። ለጀማሪና ለወጣት ፓክ፣ ሰከን ብሎ ለሚያነብ አዋቂ ላይፍዴዝ።

ላይፍዴዝን ስትገዙ ጥንቃቄ አለው። እነዚህ ቁጥሮች በተለያየ ጥራዝ ተደጋግመው ታትመዋል። ሻጩን ወይም የሚያመጣላችሁን ሰው 186 እና 198 ሁለቱም ውስጡ እንዳሉ ጠይቁ። አንዱን ብቻ ካገኛችሁ ታሪኩ በግማሽ ይቀራል።

ሦስተኛ አማራጭ የአል ዩዊንግ ኤክስ-ሜን ሬድ ነው፤ በ2022 የጀመረው። 18 ቁጥር ነው። እዚህ ስቶርም ማርስ ላይ በሰፈሩት ሙታንቶች (እንደ እሷ ልዩ ኃይል ይዘው የተወለዱ ሰዎች) ምክር ቤት ትቀመጣለች፤ ፖለቲካ ታውቃለች፣ ትቆጣለች፣ ትወስናለች። ወደድኩት። ግን መድረኩን ማግኔቶ ከሚባለው ሙታንትና ከሌሎች ጋር ትጋራለች። በዚያ ላይ ሙታንቶች ማርስ ላይ እንዴት እንደገቡ ለማወቅ በፊት የወጡ ሌሎች መጽሐፎች ማንበብ ይጠይቃል። አንድ መጽሐፍ ገዝቶ መጨረስ ለሚፈልግ ሰው አይሆንም።

በ2024 የጀመረው የራሷ ተከታታይ በናይጄሪያዊው ሙሬዋ አዮዴሌ የተጻፈ ነው። አፍሪካዊ ጸሐፊ እሷን ሲይዛት ማየት ደስ ይላል። አከፋፈቱ ጠንካራ ነው፤ ኦክላሆማ ላይ የኒውክሌር አደጋ ይደርሳል፣ እሷም በጨረሩ ትታመማለች። የሉካስ ወርኔክ ሥዕል ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው። ቶሎ ግን ወደ አማልክትና ወደ ፍጥረተ ዓለሙ ጉዳይ ይወጣል፤ እኔ እዚያ ላይ ኦሮሮን ትንሽ አጣኋት። ለሥዕል አፍቃሪ ይሁን።

ከ12 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ በ2005 የወጣ ስለ ካይሮ ልጅነቷ የሚተርክ 4 ቁጥር አለ፤ ቀለል ያለ ነው። በ2006 የወጣውን የፍቅር ታሪኳን ግን እለፉት። ከሌላው የማርቭል ጀግና ከብላክ ፓንተር ጋር ልትጋባ በነበረበት ዓመት የወጣ ነው፤ ኦሮሮን ለብቻዋ ሳይሆን ለሙሽርነት ሲያዘጋጃት ይሰማኛል። ጋብቻውም በ2012 ፈረሰ። በአማርኛ የሚነበብ ጀግና ለሚፈልግ ደግሞ የበሥራት ደበበ ጀምበር ከ2018 ጀምሮ አለ፤ በእንግሊዝኛም በአማርኛም።

በስልክ ማንበብስ? የማርቭል አንሊሚትድ ደንበኝነት ከላይ ካልኳቸው አብዛኞቹን ይይዛል። በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ ያለው ዘመድ ካላችሁ ከወረቀት ይረክሳል። የፓክ መጽሐፍ በስልክ አይከብድም። ላይፍዴዝን ግን በስልክ ማየት መስጊድን በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው። ክፍያው ሲቆምም ንባቡ አብሮ ይቆማል። ለልጅ ስጦታ ወረቀቱን እመርጣለሁ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ብቻ መግዛት የምትችሉ ከሆነ፣ ለሚመጣው ሰው የምትልኩለት መልእክት እንዲህ ይሁን፦ "ስቶርም፣ ግሬግ ፓክ፣ 2014፣ ቅጽ 1"። የጸሐፊውን ስም እንዳትረሱ። "የስቶርም መጽሐፍ" ብቻ ካላችሁት እንደ እኔው ሽፋን ይመጣላችኋል።