አስራ አንድ ወር ከካነን አይክሰስ 185 ጋር

ካሜራዋን ያመጣችልኝ ዱባይ የምትሠራው እህቴ ናት። ለ2017 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ አገር ቤት ስትገባ ከነካርቶኗ ሰጠችኝ። ካነን አይክሰስ 185 ትባላለች። ባትሪና ሚሞሪ ካርድ ገብቶባት 126 ግራም ገደማ ነው የምትመዝነው። ጃኬት ኪስ ውስጥ ስትገባ መኖሯም ይረሳል። አሁን ነሐሴ ነው። አስራ አንድ ወር ሙሉ ከቦርሳዬ አልወጣችም። ስለዚህ ካርቶን በተከፈተ ማግስት የሚጻፍ ዓይነት አስተያየት አይደለም የምሰጠው። በደንብ ከተዋወቅን በኋላ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ሁሉም ሰው የሚጠይቀኝን ልመልስ። «ስልክ እያለሽ ይሄ ምን ያደርግልሻል?» ይሉኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ፎቶዎቹን ጎን ለጎን አድርጎ ለሚያይ ሰው፣ በተለይ ማታ የተነሱትን፣ ደህና ስልክ ይበልጣታል። ይህን ሳልደብቅ መናገር አለብኝ። እኔም ከገና በኋላ ልሸጣት ወስኜ ነበር። ያልሸጥኳት በአያቴ ምክንያት ነው።

ካርቶኗ ላይ በትልቁ የተጻፈው 20 ሜጋፒክስል የሚለው ነው። ገዢን የሚስበውም እሱ ነው። ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰር ግን 1/2.3 ኢንች የሚባለው ዓይነት ነው። ወርዱ ከ6 ሚሊ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ቁመቱ ደግሞ 4.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ። ከትንሿ ጣት ጥፍር ያንሳል። ብዙ የሠርግ ፎቶ አንሺዎች የሚይዙት ፉል ፍሬም ካሜራ ሴንሰሩ በስፋት ከዚህ 30 እጥፍ ገደማ ይሆናል። 20 ሚሊዮን ነጥብ በዚህች ጠባብ ቦታ ተጨናንቆ ሲቀመጥ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ብርሃን ጥቂት ነው። ፀሐይ ካለ ችግር የለም። ሲጨልም ነው ጉድለቱ የሚወጣው። ሜጋፒክስል አይታችሁ አትግዙ የምለው ለዚህ ነው።

ይህን በቁጥር ሳይሆን በዓይኔ ያየሁት ደብረ ብርሃን፣ አያቴ ቤት ነው። ለገና ሄጄ ቡና ሲያፈሉ ላነሳቸው ሞከርኩ። ቤቱ ያለው አንድ ትንሽ መስኮት ነው። ከሰሉ፣ የዕጣኑ ጭስ፣ ጀበናው፣ ሁሉም ለዓይን ያምር ነበር። ካሜራዋ ግን አልቻለችም። በአውቶ ስተዋት ፍላሹ በራ። የአያቴ ፊት ነጣ፣ ጭሱ ጠፋ፣ ከኋላቸው ያለው ግድግዳ ጠቆረ። ፍላሹን ሳጠፋው አይኤስኦው፣ ማለትም ካሜራዋ ለብርሃን ያላት ስሜት ልክ፣ የመጨረሻው ጣሪያ ላይ፣ 1600 ላይ ወጣ። ፎቶው አሸዋ የተበተነበት መሰለ። ሲኒ የሚያነሳው እጃቸውም ብዥ አለ። የአክስቴ ልጅ በስልኩ አነሳና አሳየን። የእሱ ጥርት ያለ ነበር። በጣም ከፋኝ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ልሄድ ስል፣ አያቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው በራፉ ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። የደብረ ብርሃንን ብርድ የምታውቁ ያቺን የጠዋት ፀሐይ ታውቋታላችሁ። አንድ ፎቶ አነሳኋቸውና ተሰናብቼ ወጣሁ። ትዝም አላለኝ።

ጥር ላይ ካርዱ ውስጥ ካሉት ፎቶዎች አስራ ሁለቱን መርጬ አሳጠብኩ። የበራፉ ፎቶ ውስጡ ነበር። ፊታቸው ላይ ያለው መስመር አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ የጋቢው ጥለት ይታያል። እናቴ ይዛላቸው ሄደች። በሳምንቱ አያቴ ደወሉ። «ልጄ፣ ለማኅበርተኞቼ የሚሆን ሌላ አምስት አሳጥቢልኝ» አሉኝ። የአክስቴ ልጅ ስልክ በዚያው ወር ታክሲ ውስጥ ተሰረቀ። ያ ጥርት ያለው የቡና ፎቶ አብሮት ሄደ። ሽያጩን ተውኩት።

ከዚያ በኋላ ብርሃን መፈለግ ተማርኩ። ስልክ ብርሃን ባይኖርም በራሱ ብልሃት አስተካክሎ ይሰጣል፤ አንሺውን አያስተምረውም። ይህቺ ካሜራ ብርሃን ከሌለ አትሰጥም። ስለዚህ መስኮቱ የት ነው፣ በሩ በየት በኩል ነው ማለት ይለመዳል። ሰኔ ላይ አያቴ ዘንድ ተመልሼ ስሄድ ረከቦቱን ወደ በሩ እንድናስጠጋው ለመንኳቸው። እሳቸውም ፈቀዱ። ፍላሽ አጠፋሁ። ብርሃኑ ከጎን መጣ፤ ከኋላ ያለው የቤቱ ጨለማ ጭሱን አጉልቶ አወጣው። አይኤስኦው 400 ላይ ቆመ። በገና ያቃተኝን ፎቶ ያገኘሁት ያኔ ነው።

ወደ ዙሙ ልምጣ። 8 እጥፍ ያቀርባል፤ በፉል ፍሬም ካሜራ ሚዛን ከ28 እስከ 224 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ሌንሱ ሳይቀርብ ኤፍ 3.2 ነው (ኤፍ የብርሃን መግቢያው ስፋት ነው፤ ቁጥሩ ሲያድግ መግቢያው ይጠባል)፤ መጨረሻው ድረስ ሲቀርብ ኤፍ 6.9 ይሆናል። የሚገባው ብርሃን ከአራት እጥፍ በላይ ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ የእጅ መንቀጥቀጥን በሌንሱ በኩል የሚያስተካክል መሣሪያ የላትም። ከእሷ ቀጥሎ ያለው አይክሰስ 190 ይህ አለው። ምርጫ ካላችሁና የዋጋው ልዩነት ካልከበደ እሱን ግዙ እላለሁ። ዋይፋይም ስላለው ፎቶ ማስተላለፍ ይቀላል።

ለጥምቀት ጃን ሜዳ ይዣት ሄጄ ነበር። በከተራ ማታ ታቦታቱ ሲገቡ ከሩቅ አቅርቤ ያነሳሁት ሁሉ ብዥ ብሎ ቀረ። አንድም አልተረፈም። በማግስቱ ጠዋት ግን ፀሐይ ነበር። ክንዶቼን ከጎኔ አጣብቄ፣ ምሰሶ ተደግፌ፣ ትንፋሼን ይዤ አነሳሁ። የጃንጥላዎቹ ጥልፍ ሳይቀር ወጣ። የአንድ ሰው እጅ ላይ ያለው ጽናጽል ይታያል።

እዚያው አንድ ሌላ ነገር ገባኝ። ሜዳው ሙሉ ነጭ ነጠላ ነው። ካሜራዋ ያን ሁሉ ነጭ ስታይ ብርሃን የበዛ ይመስላትና ፎቶውን ታጨልመዋለች። ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ የእኛ ፊት ደግሞ ይጠቁራል። ይህ የእሷ ብቻ ችግር አይደለም፤ ካሜራ ብርሃን የሚለካው እንዲህ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። አውቶውን ትታችሁ ወደ ፒ፣ ማለትም ብርሃኑን ራሳችሁ ማስተካከል ወደምትችሉበት ክፍል፣ ግቡ፤ ፕላስና ማይነስ ምልክት ያለበትን ማስተካከያ ወደ ፕላስ አንድ አካባቢ ውሰዱት። ሠርግም ላይ፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ ሰው ነጭ በለበሰበት ሁሉ ይሠራል። ለእንዲህ ያለ ቦታ ካሜራ የሚይዝ ጀማሪ ከሁሉ በፊት ይህን ይወቅ።

ፍጥነቷ ደካማ ነው። ደጋግማ ስታነሳ በሰከንድ አንድ ፎቶ እንኳ አትሞላም፤ 0.8 ነው። ሰፈር ውስጥ ኳስ የሚጫወቱ ልጆችን ላነሳ ስል ኳሱ ከሄደ በኋላ ነው የምትነቃው። የረዳኝ ነገር ቁልፉን በግማሽ ተጭኖ መጠበቅ ነው። ፎከሱን አስቀድማ ትይዛለች። ልጁ ሊመታ ሲል ሙሉውን መጫን ነው። ሁልጊዜ አይሳካም። ሲሳካ ግን ደስታው ልዩ ነው።

ቪዲዮውን ለማስታወሻ ያህል ካልሆነ አልመክርም። 720 ፒ የሚባለው ዝቅ ያለ ጥራት ነው፤ በዚህ ስልክ ይበልጣል፣ አለቀ።

አሁን በጣም ያንገበገበኝን ነገር ልናገር። ከካሜራዋ ጋር አይገናኝም፤ ከሚሞሪ ካርድ ጋር ነው። አንድ ሱቅ ገብቼ 64 ጊጋ የተጻፈበት ካርድ በርካሽ ገዛሁ። ለሁለት ወር ሠራ። ከዚያ የአክስቴ ልጅ ልጁን ክርስትና ሲያስነሳ ሙሉ ቀን አነሳሁ። ቤት ገብቼ ስከፍት ግማሾቹ እስከ ወገባቸው ግራጫ ናቸው፣ ግማሾቹ ጭራሽ አይከፈቱም። ካርዱ ሐሰተኛ ነበር። እንዲህ ያለ ካርድ የያዘው ትንሽ ቦታ ሆኖ ለካሜራው 64 ነኝ ብሎ ይነግራል። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ወይ የትም አይቀመጥም፣ ወይ የቀደመውን ይደመስሳል። ያልተቀመጠ ነገር ደግሞ በየትኛውም ፕሮግራም አይመለስም። ሕፃኑ ሲጠመቅ ያነሳሁት አንድም ፎቶ የለም። ወላጆቹን ይቅርታ ስጠይቅ የተሰማኝን ማንም እንዲሰማው አልፈልግም።

ስለዚህ አዲስ ካርድ ስትገዙ ለግብዣ ከመያዛችሁ በፊት ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ትልልቅ ፊልሞች እስኪሞላ ድረስ ገልብጡበት። ከዚያ መጀመሪያም መጨረሻም የገቡትን ከፍታችሁ እስከ ዳር እዩ። ከተከፈቱ ደህና ነው። አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። ደግሞም 64 ጊጋ አያስፈልጋችሁም። 16 ጊጋ ለዚህች ካሜራ ከበቂ በላይ ነው።

እኔ ያለችኝ 185 ዋይፋይ ስለሌላት ፎቶውን የማወጣው በካርድ ማንበቢያ ነው። ስልኬ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማንበቢያ ይዤ እዞራለሁ። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ። እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨምቀዋል፤ የለፋችሁበት ጥራት መንገድ ላይ ይቀራል።

ማሳጠብ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ይህን ይያዝልኝ። ካሜራዋ የምታነሳው 4 ለ 3 በሆነ ቅርጽ ነው። የተለመደው 10 በ15 ሳንቲ ሜትር ወረቀት ግን 3 ለ 2 ነው። ፎቶ ቤቱ ወረቀቱን ሲሞላ አግድም የተነሳው ፎቶ ከላይና ከታች ይቆረጣል። የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎቼ ላይ የአጎቴ ጭንቅላት የተቆረጠው በዚህ ነው። አሁን ሳነሳ ከራስ በላይና ከእግር በታች ክፍት ቦታ እተዋለሁ። ለዚህ መጠን ወረቀት ከ2 ሜጋፒክስል ጥቂት የሚበልጥ ይበቃል። ስለዚህ ቢቆረጥም ጥራት አይጎድልም።

ቀን የማተሚያውንም አጥፉት። የጥምቀቱ ፎቶ ጥግ ላይ 19/01/2025 ብሎ ታትሟል። ለእኛ ቤት ያ ቀን ጥር 11 ቀን 2017 ነው። እናቴ አልበሙን ስታገላብጥ ቁጥሩን እያየች ታስባለች፤ ዓመቱን መልሳ መላልሳ ትጠይቀኛለች። አንዴ ከታተመ ደግሞ ከፎቶው አይለቅም። አሁን ፎቶው ጀርባ ላይ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የሰዎቹንም ስም።

ባትሪዋ ኤንቢ-11ኤልኤች ይባላል። አምራቹ በአንድ ቻርጅ 210 ፎቶ ገደማ ይላል። እኔ ፍላሽ ሳላበዛ እዚያው አካባቢ አገኛለሁ። ወጥታ በራሷ ቻርጀር ግድግዳ ላይ ትሰካለች፤ በገመድ ከፓወር ባንክ አትሞላም። መብራት ሲጠፋ ይህ ያስቸግራል። ሁለተኛ ባትሪ መያዝ ግድ ነው። እኔ መጀመሪያ የገዛሁት ርካሽ ባትሪ በአራተኛ ወሩ አብጦ ማስገቢያው ውስጥ ተቀረቀረ። በጥንቃቄ አወጣሁትና ዳግም አልነካሁትም። ያበጠ ባትሪ አደገኛ ነው፤ ቻርጅ ለማድረግ አትሞክሩ። ብርድ ባለበት አገር ባትሪውን የውስጥ ኪስ ውስጥ አሙቁት፤ ቶሎ የሚያልቅባችሁ ከብርዱ ነው።

ሰሞኑን ወጣቶች የድሮ ትንንሽ ካሜራ እየፈለጉ ነው። ሲሲዲ የሚባለው የቀድሞ ዓይነት ሴንሰር ያለው ከለሩ ይለያል ይላሉ። የእኔዋም ሲሲዲ ነው። ከለሩን እወደዋለሁ፤ የሰው ቆዳ ሞቅ ብሎ ይወጣል። ግን እኔ እንደማየው ያን የድሮ መልክ አብዛኛውን የሚሰጠው ቀጥታ የሚመታው ፍላሽ ነው። ሲሲዲ ለሚለው ቃል ብቻ ተጨማሪ ብር አትክፈሉ።

ያገለገለች የምትገዙ ከሆነ ሱቁ ውስጥ ሦስት ነገር አድርጉ። ሦስት አራት ጊዜ አብሯትና አጥፏት፤ ሌንሱ ሳይንቋቋ ይውጣ ይግባ። ዙሙን እስከ መጨረሻ አቅርባችሁ ነጭ ግድግዳ አንሱ፤ ጥላ የመሰለ ነጥብ ካለ ውስጡ አቧራ ገብቷል። የባትሪውን ክዳን ደግሞ በደንብ እንደሚዘጋ እዩ። ቻርጀሯ አብሮ ከሌለ ዋጋ አስቀንሱ።

ቤት ውስጥ ማታ ማታ የልጆች ፎቶ የሚያነሳ ሰው በስልኩ ይቀጥል። በቀን የሚወጣ፣ ለወላጆቹ አልበም መሙላት የሚፈልግ፣ ወይም ለአሥራ ሁለትና ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ኢንተርኔት የሌለው የፎቶ መማሪያ የሚፈልግ ሰው ይግዛት። እህቴ ለልጇ አንድ ልትገዛ ነው። እኔም 190ውን ፈልጊ ብያታለሁ።

የእኔዋ ጥጎቿ ተልጠዋል። ቁልፏ ላይ ያለው ጽሑፍ ደብዝዟል። ሌንሷ አሁንም ጸጥ ብሎ ይወጣል። ትናንት ያነሳሁት ፎቶ ቁጥሩ 3412 ነው። አያቴ ለእንቁጣጣሽ አዲስ ቀሚስ አሰፍተዋል፤ እሱን ለብሰው በራፉ ላይ በጠዋት እንድጠብቃቸው ቀጥረውኛል።