የ1945ቱ «ዴድ ኦቭ ናይት» በታደሰ ብሉሬይ፦ ከወራት በኋላ የተጻፈ ግምገማ

«ዴድ ኦቭ ናይት» ለንደን በሚገኘው የኢሊንግ ስቱዲዮ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1945 ለእይታ የበቃ፣ አምስት ታሪኮችን በአንድ ማቀፊያ ታሪክ ውስጥ የያዘ ጥቁርና ነጭ አስፈሪ ፊልም ነው። ምስሉ ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2014 ብሪታንያ ውስጥ የወጣውን ብሉሬይ (ከዲቪዲ የጠራ ምስል የሚይዝ ዲስክ) ከገዛሁ ወራት አልፈዋል፤ በእነዚህ ወራት አንዳንዴ ከዳር እስከ ዳር፣ አንዳንዴም አንዱን ታሪክ ብቻ መርጬ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ዲስክ በተገዛ ማግስት የሚጻፍ ግምገማ ስለ ምስሉ ጥራት ከማውራት ብዙም አያልፍም። የዚህ ፊልም እድሳት ዋጋ ግን የሚለካው ምስሉን በማብረቁ ሳይሆን ጥላው ውስጥ ያለውን በማሳየቱና፣ ከዚያም በላይ፣ ታሪኮቹን ሳይቆርጥ በሙሉ በማቅረቡ ነው የሚል እምነት አለኝ።

ዋልተር ክሬግ የሚባል አርክቴክት ለቤት እድሳት ሥራ ወደ አንድ የገጠር መኖሪያ ይጠራል፤ እንደደረሰም ቤቱንም እንግዶቹንም በሚመላለስበት ሕልም እንደሚያውቃቸው ይናገራል። ገንዘብ ያልያዘች ጠጉረ ጥቁር ሴት ትመጣለች ይላል፤ ትመጣለችም። እንግዶቹ የደረሰባቸውን ለማመን የሚያስቸግር ነገር ተራ በተራ ሲያወሩ፣ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዶክተር ቫን ስትራተን ለእያንዳንዱ ምክንያታዊ ማብራሪያ ለማግኘት ይታገላል። ሥራውን አራት ዳይሬክተሮች ተከፋፍለውታል፦ አልቤርቶ ካቫልካንቲ፣ ቻርልስ ክራይተን፣ ባዚል ዲርደንና ሮበርት ሄመር። እንዲህ ያሉ የስብስብ ፊልሞች አብዛኛውን ጊዜ እንደተበጣጠሱ ይቀራሉ፤ ይህንን ከዚያ ያዳነው ዲርደን የመራው ማቀፊያ ራሱን የቻለ፣ እያደር የሚከብድ ታሪክ መሆኑ ነው።

ከአምስቱ ከእድሳቱ እጅግ የተጠቀመው የሄመር የመስታወት ታሪክ ነው። ጆአን፣ በጉጊ ዊዘርስ የተተወነችው፣ ለእጮኛዋ ለፒተር ከጥንታዊ ዕቃዎች መሸጫ መስታወት ገዝታ ትሰጠዋለች። ፒተር ልብሱን ሊያስተካክል ፊቱ ሲቆም የሚያየው የራሱን ዘመናዊ መኝታ ክፍል ሳይሆን ሌላ፣ ያረጀ፣ ምድጃው የሚነድ ጨለማ ክፍል ነው። ቀደም ሲል በነበረኝ ዲቪዲ ላይ የዚያ ክፍል ጀርባ ወጥ ጥቁር ሆኖ ይቀር ስለነበር አልጋ መኖሩ የሚታወቀው በግምት ነበር። በታደሰው ቅጂ የእሳቱ ብርሃን በአልጋው ምሰሶዎች ላይ ሲያርፍ፣ የመጋረጃው እጥፋትም ከግድግዳው ተለይቶ ሲታይ፣ ትዕይንቱ በሌላ ምክንያት ማስፈራት ይጀምራል። ክፍሉ ሰው የኖረበት፣ የተኛበት፣ የተቆጣበት ክፍል ይመስላል። ፒተር ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞው የመስታወቱ ባለቤት ጠባይ ሲሳብ ተመልካቹ የሚያምነው ክፍሉን አስቀድሞ ስላመነ ነው። ጥላውን የዋጠ ቅጂ የታሪኩን ግማሽ ይውጣል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የፊልሙ ቅንጣት፣ ማለትም ምስሉ ላይ የሚታዩት ደቃቅ ነጠብጣቦች፣ እንዳለ መተዉንም ወድጄዋለሁ። አንዳንድ እድሳቶች ቅንጣቱን ፈጽመው ሲያጠፉ የተዋንያኑ ፊት ሰም የተቀባ ይመስላል፤ እዚህ ግን ቆዳው ቆዳ ሆኖ ቀርቷል። ምስሉ ድንገት የሚለሰልስባቸው ቦታዎች አሉ፤ ደጋግሞ ያየ ሰው እንደሚያስተውለው፣ አብዛኞቹ አንዱ ትዕይንት እየደበዘዘ ወደ ሌላው የሚሸጋገርባቸው ናቸው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ሽግግር የሚዘጋጀው ሁለቱን ምስሎች በላቦራቶሪ በሌላ ፊልም ላይ ደርቦ በመቅዳት ስለነበር፣ ሽግግሩ በዙሪያው ካለው ምስል በተለየ የቅጂ ቅጂ ነው። የትኛውም እድሳት በመጀመሪያው ፊልም ላይ ያልነበረ ዝርዝር ሊያመጣ አይችልም። እኔ ግን ከጊዜ በኋላ ለስላሳነቱን መጠበቅ ጀመርኩ፤ ከሳሎኑ ወጥቶ ወደ አንዱ እንግዳ ትረካ መግባታችንን አስቀድሞ የሚነግረን እሱ ነውና።

የሬሳ ሠረገላው ታሪክ ከአጫጭሮቹ አንዱ ነው፤ ይህንንም የመራው ዲርደን ነው። ከመኪና ውድድር አደጋ ተርፎ ሆስፒታል የተኛ ሰው በምሽት መጋረጃውን ሲገልጥ ውጭው ብሩህ ቀን ሆኖ ያገኘዋል፤ ከታችም የሬሳ ሠረገላ ነጂ ቀና ብሎ ውስጥ ለአንድ ሰው ብቻ ቦታ እንዳለ ይነግረዋል። በድሮው ዲቪዲ ያ የቀን ብርሃን ሁሉን የሚያነጣ ጭጋግ ነበር፤ አሁን መንገዱም ሠረገላውም በግልጽ ይታያሉ፣ ግልጽነቱም ነው የሚያስደነግጠው።

የካቫልካንቲው የአሻንጉሊት ታሪክ ፊልሙን ዝነኛ ያደረገው ነው፤ ይገባዋልም። ማይክል ሬድግሬቭ የሚጫወተው ማክስዌል ፍሬር መድረክ ላይ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ በአሻንጉሊቱ በሁጎ አፍ የሚናገር ሰው ነው፤ ሁጎ ግን ከእሱ ይልቅ ሌላ ባለሙያን የመረጠ ይመስላል። ምስሉ ሲጠራ የሬድግሬቭን ዓይኖች መከተል ይቻላል፤ ሁጎ በሚናገርበት ጊዜ ፍሬር እንደ ተናጋሪ ሳይሆን እንደሚሰማ፣ ቀጥሎ ምን ይባል ይሆን ብሎ እንደሚፈራ ሰው ያያል። ድምፁ በአንድ ቻናል የተቀዳ የ1940ዎቹ ድምፅ ነው፤ የጆርጅ ኦሪክ ሙዚቃ ከፍ ሲል ጠርዙ ይሻክራል፣ ንግግሩ ግን ንጹሕ ነው።

ስለ ጎልፉ ታሪክ ብዙ አልልም። የክራይተን ክፍል ከኤች ጂ ዌልስ አጭር ልቦለድ የተወሰደ ቀልድ ነው፤ አብራኝ ያየች የእህቴ ልጅ «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» ያለችው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሆኖም ከነድካሙ መኖሩን እመርጣለሁ። ፊልሙ በመጀመሪያ አሜሪካ ሲታይ ይህ ታሪክና እስካሁን ያላነሳሁት የገናው ግብዣ ታሪክ ተቆርጠው ርዝመቱ ከ100 ደቂቃ በላይ ከነበረው ወደ 77 ደቂቃ ወርዶ ነበር። መዘዙ የሚታየው መጨረሻው ላይ ነው፤ የክሬግ ቅዠት ቀደም ያሉትን ታሪኮች እየቀላቀለ ሲሮጥ የገናውን ግብዣ ቤት አስገብቷል፣ ያንን ታሪክ ያላየ ተመልካችም ያ ቤት ከየት እንደመጣ ሊገባው አይችልም። ፊልሙን ማሳጠር ይቻላል ብሎ ያሰበ ሰው ማቀፊያውን እንደ መሙያ ቆጥሮታል ማለት ነው።

ፍጻሜውን ያላየ ሰው የሚከተለውን ቢዘለው ይሻላል። ክሬግ ከቅዠቱ ይነቃል፣ ስልክ ይደወልለታል፣ ወደ ገጠሩ ቤትም ይጋበዛል፤ ፊልሙ በጀመረበት መንገድ ላይ መኪናውን ሲነዳ ያልቃል። ሳይንቲስቶቹ ፍሬድ ሆይል፣ ሄርማን ቦንዲና ቶማስ ጎልድ ፊልሙን አይተው፣ መጀመሪያም መጨረሻም የሌለው አጽናፈ ዓለም ሊኖር ይችላል የሚለውን ሐሳብ ማውጠንጠን እንደጀመሩና እ.ኤ.አ. በ1948 ንድፈ ሐሳባቸውን እንዳሳተሙ ይነገራል። ንድፈ ሐሳቡ በኋላ በሳይንስ ተቀባይነት አላገኘም፤ ፊልሙ ግን ለባለ ዲስክ የተሠራ ያህል ነው። እንደገና ከመጀመሪያው ሲከፈት የክሬግ ፊት ላይ ያለው ግራ መጋባት አሁን የተመልካቹም ነው፤ ሲኒማ ቤት አንዴ አይቶ የወጣ ሰው ይህን አያገኘውም።

ከተጨማሪዎቹ ውስጥ ደጋግሜ የተመለስኩበት ስለ ፊልሙ የተሠራው ረጅም ዘጋቢ ፊልም ነው። የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ የለውም፤ የእንግሊዝኛውን መክፈት ግን በተለይ ጎልፈኞቹ እርስ በርስ ቃል እየተነጣጠቁ በሚያወሩበት ቦታ ይረዳል። ቴሌቪዥናችሁ እንቅስቃሴን የሚያለሰልስ ቅንብር ካለው አጥፉት፣ ብርሃኑንም ዝቅ አድርጉት፤ መብራት በበራበት ሳሎን የመስታወቱ ክፍል እንደገና ጥቁር ይሆናል። ይህ የብሪታንያ ዲስክ ለክልል ቢ (ብሉሬይ ከተከፋፈለባቸው የዓለም ክልሎች አንዱ) የተሠራ ስለሆነ አሜሪካ ውስጥ በተለመደው ማጫወቻ አይከፈትም፤ እዚያ የምትኖሩ የአሜሪካውን እትም ብትፈልጉ ይሻላል፣ ከመግዛታችሁ በፊት ግን አምስቱም ታሪኮች መኖራቸውን ሽፋኑ ላይ አረጋግጡ።