ደብረ ብርሃን ላይ ጎልድፊሽ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ያለውን ሳታዩ አትክፈሉ

ነገሩ የሆነው ትናንት ከሰዓት ነው። እስካሁን አልበረደልኝም። 5,000 ብሬ ሄዷል። የመምህር ደመወዝ የምታውቁ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። የበለጠ ያንገበገበኝ ግን የተዋሸሁበት መንገድ ነው።

የሱቁን ስም አልጠራም። ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። ደጃፉ ላይ የፕላስቲክ አበባና የፎቶ ፍሬም፣ ውስጥ የሠርግ ስጦታ፣ መስታወቱ ጋ ደግሞ በክብ ብርጭቆ የሚያብረቀርቁ ቀያይ ዓሳዎች። «ከአዲስ አበባ የገቡ አዲስ ዓሳዎች» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ልጅ ይዛችሁ በዚያ ካለፋችሁ አለቀ። ልጁ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ይቀራል።

የእኔም ልጅ ተለጥፋ ቀረች። ሰባት ዓመቷ ነው። ፈተና ጥሩ ካመጣሽ አንድ ነገር እገዛልሻለሁ ብያት ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ገባን።

ሰውዬው ሲሸጥ ማር ነው። «እህቴ፣ እነዚህ ምንም ጣጣ የላቸውም። ውሃ ትቀይሪያለሽ፣ ምግብ ትበትኚያለሽ፣ በቃ» አለኝ። ፊልተር፣ ውሃውን የሚያጣራው ማለቴ ነው፣ አያስፈልጋቸውም ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «እሱ ለሆቴል ነው። እነዚህን እያቸው፣ እዚሁ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ወራቸው ነው» አለ። አዲስ ገቡ የሚለው ወረቀት ከራሱ በላይ ተለጥፏል። እኔ ወረቀቱንም አንብቤያለሁ፣ እሱንም ሰምቼዋለሁ። አላገናኘሁትም። ማታ ማታ ይሄ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።

ቀጥሎ እጁን እያፋተገ ወደ ብርዱ መጣ። «ግን ይሄ ደብረ ብርሃን ነው። ያለ ሂተር አንድ ሌሊት አያድሩም» አለኝ። የያዘኝ በዚህ ነው። የደብረ ብርሃንን ብርድ ማን ይክዳል? ኅዳር ላይ ውርጩ ባቄላ ሲያቃጥል እያየሁ ነው ያደግኩት። በአንድ ሌሊት ደርቀው ሳያቸው ታየኝ። ልጄ ደግሞ እጄን ይዛ ትጎትተኛለች።

ስምንት ሊትር የሚይዝ ብርጭቆ 1,800 ብር። ሁለት ዓሳ 1,400። ሂተር 1,200። «ውሃውን የሚያክም» የተባለ ሰማያዊ ጠብታ 400። ምግብ 200። ደረሰኝ ስለው ካልኩሌተሩ ላይ ያለውን ቁጥር በብጫቂ ወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። ተቀበልኩት።

እሑድ ደህና ነበሩ። ሰኞ ጠዋት ሁለቱም ከውሃው አፋፍ ላይ ሆነው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ልጄ ጉንጯን ብርጭቆው ላይ አስጠግታ «እማዬ፣ እየሳሙኝ ነው» አለችኝ። እኔም ደስ አለኝ። ፎቶ አነሳኋት። ለካ አየር አጥተው እየታፈኑ ነው።

ሰኞ ማታ ውሃው ወተት እንደነካው ደፈረሰ። ደወልኩለት። «ርቧቸው ነው፣ ምግብ ጨምሪ» አለኝ። ጨመርኩ። በእጄ ጨመርኩላቸው። ማክሰኞ ሌሊት ነጭ ጣል ጣል ያለበት ቀዩ ሞተ። ልጄ ሳትነሳ አውጥቼ በፌስታል ጠቀለልኩት።

ትናንት ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ፌስታሉን ይዤ ሄድኩ። ለጠብ አልነበረም። ምን አጥፍቼ ነው ብዬ ልጠይቅ ነው፣ አንዷ እንድትተርፍልኝ።

ስገባ ሰውዬው አንድ አባትና ልጅ እያስተናገደ ነው። ጥግ ላይ ቆሜ ተራዬን ጠበቅሁ። የፊተኛው ብርጭቆ ባዶ ነበር። አንዷ ሠራተኛ የጓዳውን መጋረጃ ገለጥ አድርጋ ገባች። መጋረጃው ግማሽ ድረስ ተከፍቶ ቀረ። እዚያ ውስጥ እንደ ልብስ ሳጥን የሚረዝም የመስታወት ገንዳ አለ። ፊልተሩ ያጉረመርማል። አረፋው ከታች ወደ ላይ ይንተከተካል። ሃያ፣ ሠላሳ የሚሆኑ ጎልድፊሾች ክንፋቸውን ዘርግተው ይዋኛሉ። ልጅቷ በትንሽ መረብ ሁለቱን ጠለፈች። በኩባያ አድርጋ ይዛ ወጣችና ብርጭቆው ውስጥ ለቀቀቻቸው። ፈጥና ነው የምትሠራው። የለመደችው ሥራ ነው።

ሰውዬው አባትየውን ትከሻውን ይዞ ወደ ብርጭቆው አዞረው። «እነዚህን እያቸው፣ እዚሁ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ወራቸው ነው» አለው።

ቃሉ አልተለወጠም። ድምፁም አልተለወጠም። ቀጥሎ እጁን አፋተገ።

እግሬ ወዴት እንደወሰደኝ አላውቅም፣ መጋረጃውን አልፌ ገባሁ። እጄን እስከ ክንዴ ገንዳው ውስጥ ከተትኩት። እንደ በሬሳ ወንዝ ውሃ ቀዝቃዛ ነው። ሂተር የሚባል ነገር የለም።

«አባቴ፣ እንዳይገዙ» አልኩት አባትየውን። ፌስታሉን ከፍቼ አሳየሁት። ልጁን ይዞ ወጣ፣ እግዜር ይስጠው። ባለ ሱቁ ያ ሁሉ ማርነቱ ጠፋ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ጽሑፍ በጣቱ አሳየኝ። «አስተማሪ ነሽ አይደል? አንብቢ» አለኝ። ሠራተኛዋ አፏን በእጇ ሸፍና «ጠብሰሽ ብትበያቸው ይሻልሽ ነበር» ብላ ሳቀች። የልጄ ዓሳ በእጄ ላይ ነው። መልስ መስጠት አቃተኝ። እንባዬ ቀደመኝና ወጣሁ።

ማታ አብሮኝ የሚያስተምር የባዮሎጂ መምህር ጋ ደወልኩ። ጎልድፊሽ የቀዝቃዛ ውሃ ዓሳ ነው አለኝ። ቻይናዎች ከ1,000 ዓመት በላይ በግቢ ኩሬ ያረቡት ነው፣ ውርጭ ባለበት አገር የብርዱን ወራት ውጪ ያሳልፋል። 20 ዲግሪ አካባቢ ከበቂው በላይ ነው። የእኛ ብርድ ይስማማዋል እንጂ አይገድለውም። ውሃ በሞቀ ቁጥር ደግሞ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። እኛ ያለነው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃችን ከመጀመሪያውም ኦክስጅን ያንሰዋል። እኔ 1,200 ብር ከፍዬ ያንኑ ቀነስኩባቸው።

ሌላው መርዙ ነው። ዓሳ በስንጥቡ፣ በሚተነፍስበት ማለት ነው፣ አሞኒያ ያስወጣል። የተረፈው ምግብ ሲበሰብስም አሞኒያ ይሆናል። ያንን የሚበሉት ፊልተር ውስጥ የሚባዙ ባክቴሪያዎች ናቸው፣ አዲስ ገንዳ ውስጥ እስኪባዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ስምንት ሊትር ውሃ፣ ፊልተር የለም፣ ምግብ በላይ በላዩ። የሞተውን ስንጥቡን ገልጬ አየሁት፣ እንደ ተቃጠለ ቁስል ቀልቷል።

እሱ ይሄን ሁሉ ያውቃል። የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ባያውቅ ኖሮ የራሱንም በብርጭቆ ያኖራቸው ነበር። ለራሱ ትልቅ ገንዳ፣ ፊልተር፣ ቀዝቃዛ ውሃ አዘጋጅቷል። ለእኛ የሚሸጠው የሚሞቱበትን ነው፣ ልጅ ሲያለቅስ እናት ተመልሳ ሌላ እንድትገዛ። በደንብ ከተያዘ ከ10 ዓመት በላይ የሚኖር ዓሳ ነው እኮ። ልጄ ሃይስኩል እስክትገባ አብሯት ሊያድግ ይችል ነበር።

ንግድ ጽሕፈት ቤት ልሂድ ብዬ ብጫቂ ወረቀቷን አየኋት። የሱቁ ስም እንኳ የለባትም።

ልትገዙ ከሆነ ቢያንስ 75 ሊትር የሚይዝ ገንዳና ፊልተር ቀድማችሁ አዘጋጁ። ዓሳው በመጨረሻ ይምጣ። «ዓሳዎቹ የሚያድሩበትን አሳዩኝ» በሉ፣ ደረሰኝም ያዙ።

በዚህ ሳምንት ከእንደዚህ ዓይነት ሱቅ የገዛችሁ ካላችሁ ግን ዛሬውኑ ሂተሩን ንቀሉ። ያላችሁን ትልቁን ሳፋ በጀሪካን አድሮ ክሎሪኑ በወጣለት ውሃ ሙሉና አዛውሯቸው። ምግብ ለሁለት ቀን ተዉት። የቀረችንን እንደዚያ ነው ያደረግናት። ዛሬ ጠዋት ከውሃው አፋፍ ወርዳ ሳፋው ሥር ስትዋኝ አገኘናት። ልጄ ቁርሷን እዚያው አጠገቧ ቁጭ ብላ በላች። ቀዩ የት ሄደ ብላ ጠይቃኛለች፣ ገና አልነገርኳትም።