የአራት ኪሎው የማታ ኔትወርክ ኮርስ፦ ለፕሪንተር ጠጋኝ ይጠቅማል?

ሥራዬ ፕሪንተርና ፎቶ ኮፒ ማሽን መጠገን ነው። ደንበኞቼ በአብዛኛው ከብሔራዊ ቴአትር እስከ ፖስታ ቤት ያሉ ቢሮዎች ናቸው። ድሮ ሮለር ቀይሬ፣ ቶነር ሞልቼ፣ ሂሳቤን ተቀብዬ እወጣ ነበር። አሁን ግማሹ ጥሪ «ማሽኑ ደህና ነው፣ ከኮምፒውተር ግን እምቢ አለ» የሚል ሆኗል። ስደርስ ማሽኑ እውነትም ምንም አልሆነም። የጠፋው ኮምፒውተሩ በኔትወርክ ማሽኑን የሚያገኝበት አድራሻ (አይፒ አድራሻ) ነው። የማታ ኮርስ የገባሁት ለዚህ ነው።

ማሰልጠኛው ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ፣ ፎቅ ላይ ነው። የምወቅሰው ነገር ስላለ ስሙን ትቼዋለሁ። ሊፍት የለውም። ክፍያው በሁለት ዙር ነው፣ ቴሌብርም ይቀበላሉ። ከሜክሲኮ በኩል የምትመጡ በሥራ መውጫ ሰዓት የታክሲ ሰልፉን አስቡበት፤ ክፍለ ጊዜው በሰዓቱ ይጀምራል፣ ማንንም አይጠብቁም። ይሄ በበኩሌ ደስ ብሎኛል።

አስተማሪዋ ወጣት ናት፣ ነገር ግን ሥራውን በእጇ የሠራች መሆኗ ያስታውቃል። ከክፍሉ በዕድሜ ትልቁ እኔ ስለሆንኩ «ጋሼ» ትለኛለች። ጥያቄ ስታበዛባት አትሰለችም። «ጋሼ፣ እስቲ የእርስዎን ፕሪንተር እንውሰድ» ብላ ትምህርቱን ወደ እኔ ሥራ ትመልሰዋለች። እንዲህ ዓይነት አስተማሪ ብዙ ቦታ አይገኝም።

ቅሬታዬ ከሥርዓተ ትምህርቱ ጋር ነው። አይፒ አድራሻ፣ በተለመደው ቨርዥን 4፣ 32 ቢት ቁጥር ነው፤ ማለትም 32 የ0 ወይም የ1 ቦታ አለው። በአራት ከፍለን፣ በነጥብ ለይተን፣ እያንዳንዱን ከ0 እስከ 255 እንጽፈዋለን። እዚህ ድረስ ጥሩ። ከዚያ ክላስ የሚባለው፣ ኔትወርኮችን በመጠን የሚመድበው የድሮ አከፋፈል ይመጣል። የመጀመሪያው ቁጥር ከ1 እስከ 126 ከሆነ ክላስ ኤ፣ ከ128 እስከ 191 ክላስ ቢ፣ ከ192 እስከ 223 ክላስ ሲ ነው። 127 ማሽኑ ራሱን የሚጠራበት ነው። ዲ ለብዙ ተቀባይ በአንዴ ለሚላክ፣ ኢ ደግሞ ለሙከራ የተተወ። አንድ የክላስ ኤ ኔትወርክ 16,777,214 መሣሪያ ይይዛል። ቢ 65,534፣ ሲ 254 ብቻ።

ይህን ሠንጠረዥ ሸመደድን። ደግመን ሸመደድን። ፈተናውም በብዛት ከዚሁ ነው የወጣው። ኧረ ይሄ ነገር እኮ በኢንተርኔቱ ላይ ከቀረ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል! 300 ኮምፒውተር ያለው መሥሪያ ቤት ክላስ ሲ ይጠበዋል። ቢ ቢሰጠው ደግሞ ለፍየል ማሰሪያ የጠየቀን ሰው ጋሻ መሬት እንደመስጠት ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1993 ሳይደር የሚባለው አሠራር መጣ። ከአድራሻው ኋላ እዝባርና ቁጥር ይጻፋል፣ ቁጥሩ ከ32ቱ ቢት ስንቱ የኔትወርኩ መለያ እንደሆነ ይናገራል፣ ኔትወርኩም እንደ ፍላጎቱ ይቆረጣል። /23 ካልክ 510 መሣሪያ ይገባል፤ ለ300ው ሰው በቂው ነው። ሥራ ላይ የሚያስፈልገኝ ይሄ ስሌት ነበር። ኮርሱ ግን እሱ ጋ ሲደርስ ሩጫ ጀመረ።

ክላስ ላይ ለምን ይህን ያህል እንደቆየን አስተማሪዋን ጠየቅኳት። መልሷ ተገቢ ነበር። ቢሮ ውስጥ የምንጠቀምባቸው የግል አድራሻዎች የተመረጡት ከየክላሱ ነው፦ 10 ብሎ የሚጀምረው ከኤ፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያለው ከቢ፣ 192.168 ከሲ። ይሄን ለማስረዳት ክላሱ ይጠቅማል። እሺ፣ ለአንድ ምሽት ይጠቅማል።

ገንዘቤ አልባከነም ያስባለኝ ስለ ድልድሉ የተማርንበት ምሽት ነው። አድራሻ ማን ለማን ይሰጣል? ከላይ ያና የሚባለው አካል አለ። እሱ ለአምስት አህጉራዊ መዝገብ ቤቶች በጅምላ ይሰጣል። የእኛው አፍሪኒክ ነው፣ መቀመጫው ሞሪሽየስ፣ ዕውቅና ያገኘውም እ.ኤ.አ. በ2005። ከእሱ ኢትዮ ቴሌኮምን የመሰሉ ድርጅቶች ይወስዳሉ፣ ለእኛ የሚደርሰው ከዚያ ነው። በ196.188 የሚጀምር አድራሻ ካያችሁ የኢትዮ ቴሌኮም ነው። ያና በእጁ የቀሩትን አምስት ትልልቅ ክፍሎች እ.ኤ.አ. የካቲት 3 ቀን 2011 ለአምስቱ አንዳንድ አከፋፍሎ ካዝናው ባዶ ሆነ። ለአፍሪካ የደረሰው በ102 የሚጀምረው ነው።

ያስገረመኝ ቀደምቶቹ የወሰዱት ነው። ኤችፒ በ15 የሚጀምረውን ክፍል እንዳለ ይዞት ነበር፣ ከ16 ሚሊዮን በላይ አድራሻ ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ የምፈታታው የኤችፒ ፕሪንተር ነው፣ አንዱም ግን በ15 የሚጀምር አድራሻ ኖሮት አያውቅም። ሁሉም 192.168 ናቸው። ቀድሞ የደረሰ በላ፣ እኛ ቢሮው ሙሉ ከአንድ የውጭ አድራሻ ጀርባ ተሰልፈን ወደ ኢንተርኔት እንወጣለን።

ወደ ሥራዬ ልመለስ። ፖስታ ቤት አካባቢ ያለ አንድ ቢሮ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ይደውልልኝ ነበር። ነገሩ ወዲህ ነው። ራውተሩ አድራሻ የሚያድለው በዲኤችሲፒ ነው፣ ለተነሳው መሣሪያ ሁሉ በራሱ አድራሻ በሚሰጥ አሠራር። መብራት ሲመለስ ሁሉም በአንዴ ይነሳና እንደ አመጣጡ ያድላል። ትናንት የአድራሻው መጨረሻ 105 የነበረው ፕሪንተር ዛሬ 112 ይሆናል። ኮምፒውተሩ ግን ወረቀቱን ወደ 105 መላኩን አላቆመም። በኮርሱ የተማርኩትን ይዤ ሄድኩ። ራውተሩ ከ100 እስከ 199 ያለውን ብቻ እንዲያድል አደረግሁ። ፕሪንተሩን 192.168.1.20 ላይ በቋሚነት አሰርኩት። ጥሪው ቆመ። ሌላም አለ፦ ከማሽኑ በሚታተመው የኔትወርክ ገጽ ላይ 169.254 ብሎ የሚጀምር አድራሻ ካያችሁ ፕሪንተሩ ከሚያድለው አካል ጋር አልተገናኘም ማለት ነው። ማሽኑን ከመፍታታችሁ በፊት ኬብሉንና ስዊቹን (የኔትወርክ ኬብሎቹ የሚሰበሰቡበትን ሳጥን) እዩ። የእኔ ሙያ ሰዎች ይህችን ብቻ ቢይዙ የኮርሱን ግማሽ ክፍያ ይመልሳሉ።

የተግባር ልምምዱ ደካማ ነው። ራውተር አይበቃም፣ አንዱ ሲነካካ ሌላው ቆሞ ያያል። አይፒ ቨርዥን 6 ደግሞ መጨረሻ ላይ በችኮላ ታለፈ። 128 ቢት ነው፣ ቁጥሩ አያልቅም ተባለ፣ በቃ። ሰርተፊኬቱ ያምራል፤ ደንበኛ ግን እስካሁን አልጠየቀኝም።

ኔትወርክ ጭራሽ ለማያውቅ የቢሮ ቴክኒሻን ግቡ እላለሁ። ሰብኔት ማስላት፣ ማለትም ኔትወርክን በልኩ መቁረጥ የምትችሉ ከሆነ ግን ለእናንተ አይደለም። ስትመዘገቡ የትኛዋ አስተማሪ እንደምታስተምር ጠይቁ፣ የቀኑን ፈረቃ የሚይዘው ሌላ ሰው ነው። ላፕቶፕ ካላችሁ የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ፓኬት ትሬሰር የሚባለውን የኔትወርክ መለማመጃ ፕሮግራምም ቤት ጭናችሁ ሂዱ፤ የማሰልጠኛው ኢንተርኔት ለዚያ የሚሆን አቅም የለውም።