ከካዛንቺስ እስከ ከተማው ጫፍ

ለጥምቀት አዲስ አበባ የገባሁት ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። ሦስት ሳምንት ቆየሁ። የተጠቀምኩባቸውን አገልግሎቶች እጽፋለሁ፤ ለእረፍት ለምትመጡ ይጠቅማችኋል። ግን ስለ አክስቴ ሳላወራ ስለ ከተማው ማውራት አልችልም።

ከእግረኛ መንገዱ ልጀምር። ከቦሌ እስከ መገናኛ በእግሬ ሄጃለሁ። ከአራት ኪሎም ወደ ፒያሳ፣ እስከ ዓድዋ ድል መታሰቢያ ድረስ። ድሮ ጉድጓድ እየዘለልን፣ ከመኪና ጋር እየተጋፋን ነበር የምንሄደው። አሁን መንገዱ ሰፊ ነው። የብስክሌት መስመርና መቀመጫ አለው፤ ማታ መብራት አለ። የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ሁለት ጊዜ ገብቻለሁ፤ ንጹሕ ነው፣ ውሃም ነበረው። እናቶች አመሻሽ ላይ ልጆቻቸውን ይዘው ሲንሸራሸሩ ሳይ ከልቤ ደስ አለኝ። በ2016 የተጀመረው የኮሪደር ልማት፣ ማለትም የመንገድ ዳር ማስፋትና ማስዋብ ሥራ፣ በዚህ ፍጥነት እዚህ መድረሱ ትልቅ ነገር ነው።

አክስቴ ግን እዚያ መንገድ ላይ የሉም። ከ40 ዓመት በላይ የኖሩት ካዛንቺስ፣ ቀበሌ ቤት ውስጥ ነበር። የቀበሌ ቤት ነገር ከአዋጅ ቁጥር 47/1967 ይጀምራል፤ ትርፍ ቤቶች የተወረሱበት አዋጅ ነው። ኪራዩ ትንሽ ነው፤ ቤቱ ግን የነዋሪው አይደለም። ስለዚህ በ2017 የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ሲደርስ አክስቴ የሚያሳዩት ካርታ አልነበራቸውም። ምትክ ቤት ተሰጥቷቸዋል፣ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ከቃሊቲ አልፎ፣ ከተማው ጫፍ ላይ ነው። የራሱ ሽንት ቤት አለው፤ ድሮ ለስድስት አባወራ አንድ ነበር። እሳቸውም «ቤቱስ ቤት ነው ልጄ፣ ሰው ነው የጠፋኝ» ይላሉ።

ጥር 22 የዑራኤል ዓመታዊ በዓል ነው። ከካዛንቺስ ዑራኤል ነጠላ አጣፍቶ በእግር መድረስ ነበር። ዘንድሮ አብረን ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ከቤት ወጣን። ሚኒባሱ እስኪሞላ ጠበቅን። ቃሊቲ ያደርሳል የተባለው ታክሲ መንገድ ላይ አቆራርጦ አወረደን፤ ሌላ ያዝን። ከቃሊቲ ባቡር ተሳፈርን። ቀላል ባቡሩ በ2008 ሥራ ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት፤ ዛሬ አንዱን ለማግኘት ብዙ ይጠበቃል፣ ሲመጣም ጢም ብሎ ነው። አንድ ወጣት ለአክስቴ ተነሣላቸው። ስታዲየም ወርደን እንደገና ታክሲ። ዑራኤል ስንደርስ 2 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ስንመለስ እግራቸው ስላበጠ በስልክ መኪና ጠራሁ። አሽከርካሪው ትሑት፣ መኪናው ንጹሕ፤ ሒሳቡን ሲያዩ ግን አክስቴ ደነገጡ። የሳምንት አስቤዛቸው ነው። እኔ ዶላር መንዝሬ የመጣሁ ሰው ከፈልኩ። እሳቸው በየወሩ በ22 ዑራኤልን ለመሳለም ሲመጡ ምን ያደርጋሉ?

ወረዳም ሄደናል። መታወቂያቸው ገና በድሮው አድራሻ ነው። ለመቀየር ከቀድሞው ወረዳ መሸኛ ያስፈልጋል። ሦስት ጊዜ ተመላለስን። አንድ ቀን ሲስተም የለም፣ አንድ ቀን ፋይሉ አልተገኘም፣ በሦስተኛው ተሰጠን። ወረቀቱን የሰጠችን ልጅ ወንበር አምጥታ አክስቴን አስቀመጠቻቸው፣ ፋይሉንም ራሷ ፈልጋ አመጣች። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። የሰውን ቤት ያዘዋወረ አስተዳደር መዝገቡንም አብሮ ማዘዋወር ነበረበት። የ70 ዓመት እናት በሁለት ወረዳ መካከል መንከራተት የለባቸውም።

ክፍያን በተመለከተ ቴሌብር በጣም ይመቻል፤ ጥሬ ብር ብዙም አልያዝኩም።

ከሁሉ ያሳሰበኝ ዕድራቸው ነው። ሰፈሩ ሲነሣ አባላቱ ተበታተኑ። አንዱ አንድ ጫፍ፣ ሌላው ሌላ ጫፍ ወጣ። ወርኃዊ መዋጮውን እስካሁን ይከፍላሉ። ነገር ግን ለቅሶ ሲኖር ድንኳኑን የሚተክለው፣ ሬሳ የሚያጅበው፣ ለቀስተኛውን የሚያስተናግደው ማን ነው? ባለፈው ክረምት አንድ አባል ሲሞቱ አክስቴ የሰሙት በሦስተኛው ቀን ነው። ይህን ሲነግሩኝ አለቀሱ።

የእግረኛ መንገዱን የሠሩ ሰዎች ይህንንም መሥራት ይችላሉ ብዬ አምናለሁ። ለአዳዲሶቹ ሰፈሮች ጠዋትና ማታ እስከ መሐል ከተማ ሳያቆራርጥ የሚሄድ አውቶቡስ ይመደብ። ለየብሎኩም ለዕድር የሚሆን አንድ ክፍል ይሰጥ። የአክስቴ ዕድር ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበሮችና ብረት ድስቶች አሁን ያሉት በአንድ አባል ኮንዶሚኒየም ደረጃ ሥር ነው። ጎረቤት መተላለፊያ ተዘጋብኝ ብሏል፤ እስከ ፋሲካ እንዲያነሱ ተነግሯቸዋል።