የብርቱካን ቅጠል ምርመራ፦ በሁለተኛው ጉዞ የተገኘ ውጤት

ጅማ አካባቢ ባለን አነስተኛ የብርቱካን ማሳ ክረምቱ ከገባ ወዲህ ቅጠሉ እየነጠበጠበ መርገፍ ስለ ጀመረ፣ ናሙና ይዤ አዲስ አበባ ወደሚገኝ አንድ የግል የዕፅዋት በሽታ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ሄድሁ። አቀባበላቸው መልካም ነው፤ ቅጠሉን በፌስታል አፍኜ በማምጣቴ ሳይመልሱኝ፣ ሌላ ጊዜ በሽታው ገና የጀመራቸውን ቅጠሎች በጋዜጣ ጠቅልዬ እንዳመጣ በትሕትና ነግረውኛል።

ባለሙያዋ ከታመመውና ከጤነኛው ክፍል ድንበር ላይ ቁራጮች ቆርጣ፣ በቀጠነ በረኪና አጽድታና በንጹሕ ውኃ አለቅልቃ ፈንገስ በሚያድግበት ጄሊ መሰል ምግብ፣ በድንች አጋር፣ ላይ አሳደገቻቸው። ከቀናት በኋላ የተሰጠኝ ወረቀት «ኮሌቶትሪከም» ይላል፤ ሳህኑንም አሳይታኛለች፤ ግራጫው ሻጋታ ላይ ብርቱካንማ የስፖር (የፈንገስ ዘር) ጠብታዎች ነበሩበት።

ቅሬታዬ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ኮሌቶትሪከም በጤነኛ የብርቱካን ቅጠል ውስጥም ድምፁን አጥፍቶ የሚኖር፣ ሌላ በሽታ በገደለው የቅጠል ክፍል ላይም ፈጥኖ የሚሰፍር ፈንገስ ስለ ሆነ፣ መገኘቱ ብቻውን ጥፋተኛ አያደርገውም። የእኔ ቅጠሎች ግን ዙሪያው ቢጫ፣ መሐሉ ግራጫ የሆነ ክብ ነጠብጣብ ነበራቸው፤ ይህም በ1952 እ.ኤ.አ. ከአንጎላና ከሞዛምቢክ የተመዘገበውና በአገራችንም የሚታወቀው ሱዶሰርኮስፖራ አንጎለንሲስ የተባለ ፈንገስ የሚያመጣው በሽታ መልክ ነው። ይህ ፈንገስ በአጋር ላይ አዝጋሚ ስለ ሆነ ፈጣኑ ኮሌቶትሪከም ቀድሞ ሳህኑን ይወርሰዋል።

ቤት ተመልሼ ፈንገሱ ስፖር እንዲያወጣ እርጥብ ሶፍት ባነጠፍሁበት ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ቅጠሎቹን ሁለት ቀን አቆየኋቸው፤ የነጠብጣቡ የታች ገጽ ጥላሸት የተቀባ መሰለ። ይህንኑ ይዤ ስመለስ ባለሙያዋ በስኮች ፕላስተር አንስታ ማይክሮስኮፕ ሥር አደረገችው፤ በደቂቃዎች ውስጥ በውስጣቸው መከፋፈያ ያላቸው ረዣዥም የሱዶሰርኮስፖራ ስፖሮች ታዩ፤ የኮሌቶትሪከም ስፖር ግን አጭርና መከፋፈያ የሌለው ነው። እንዲህ ያለው ቀላል ምርመራ ከአጋሩ በፊት ቢደረግ ኖሮ ሁለተኛው ጉዞዬ ባላስፈለገ ነበር፤ የምርመራውንም ዋጋ እንደ አዲስ አስከፍለውኛል፣ ይህ ተገቢ አልመሰለኝም።

ሆኖም የባለሙያዋ እጅ ጥንቁቅ፣ ስሕተትንም ለመቀበል የማታመነታ ስለ ሆነች ደግሜ እሄዳለሁ። የውጤት ወረቀታቸው ግን «የተገኘው ፈንገስ» የሚል አንድ መስመር ብቻ አለው፤ በቅጠሉ ላይ የታየውና በአጋር ላይ ያደገው ለየብቻ እንዲጻፉ ሁለተኛ መስመር ቢጨምሩበት እመኛለሁ።