ኢንዶስኮፒ በባሕር ዳር፦ እናቴ በመርፌ፣ እኔ ነቅቼ

የምኖረው ጀርመን አገር፣ ፍራንክፈርት ነው። ዘንድሮ ቤተሰብ ለመጠየቅ ባሕር ዳር ስገባ እናቴ ምግብ ከጠላችና መክሳት ከጀመረች ሰንብታ ነበር። እኔንም የቆየ የጨጓራ ማቃጠል ያስቸግረኛል። ከተማ መሃል ባለ አንድ የግል ክሊኒክ ሁለታችንም በአንድ ጠዋት ኢንዶስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ ገብቶ ጨጓራ የሚታይበት ምርመራ፣ ተሠራልን፤ ለእሷ የሚያስተኛ መርፌ ተሰጥቷት፣ ለእኔ ደግሞ ጉሮሮ በሚያደነዝዝ ስፕሬይ ብቻ። ወላጆቹን ለማሳከም ከውጭ የሚመጣው ሰው ብዙ ስለሆነ ያየሁትን ልጻፍ።

አስቀድሜ ግን፦ በዕድሜ በገፋ ሰው ላይ የጀመረ የጨጓራ ሕመም፣ ያለምክንያት መክሳት፣ ለመዋጥ መቸገር ወይም ጥቁር ሰገራ ካለ፣ ከፋርማሲ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል እየገዙ ማስታገስ አይበቃም። ውስጡ መታየት አለበት።

ካርድ ማውጣቱና ቀጠሮው ቀላል ነበር። የቀጠሮው ወረቀት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምንም እንዳንቀምስ ይላል። እናቴ በጾም ያረጀች ናትና ረሃቡ አላሳሰባትም፤ ያስጨነቃት ጠዋት ጠዋት የምትጠጣው ጠበል ነው። ደውዬ ጠየቅሁ። ስልኩን ያነሣችው ሲስተር ጥያቄውን ሳትንቅ ሐኪሙን ጠይቃ መለሰችልኝ፤ ምርመራው ሊጀመር ሁለት ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ትንሽ ንጹሕ ውኃ አይከለከልም፣ ወተት፣ አጥሚት ወይም በሶ ግን አይሆንም አለች። እናቴ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጠበሏን ጠጥታ ልቧ ተረጋግቶ ወጣች። ይህን ያህል ለታካሚ መጨነቅ ሁልጊዜ አይገኝም።

የምነቅፈው አንድ ነገር ነው፤ እሱም ቀላል አይደለም። እናቴ በግራ ጎኗ ተጋድማ፣ ጥርስ መሃል የሚገባው ፕላስቲክ ሊደረግላት ሲል ነው «መርፌ ይወጉ ወይስ እንዲሁ ይሠራ?» ተብላ የተጠየቀችው። የመርፌው ክፍያ ለብቻ ስለሆነ እኔ ወደ ገንዘብ ተቀባይዋ ስሮጥ እሷ እዚያው ተጋድማ ጠበቀች። ይህ ቀጠሮ ሲሰጥ መጠየቅ ያለበት ነው። መርፌውን የተወጋ ሰው አስታማሚ ያስፈልገዋል፣ ብቻውን ወደ ቤቱ አይሄድም፣ እስከ ማግሥቱ መኪና አይነዳም፣ ውል አይፈራረምም። በማለዳ ከመራዊ ወይም ከሐሙሲት ተሳፍሮ ብቻውን የመጣ ገበሬ አልጋው ላይ ሆኖ ሲጠየቅ ምን ምርጫ አለው?

ለእናቴ የተሰጣት ሚዳዞላም ነው። በደም ሥር ቀስ ተብሎ ይሰጣል፤ ያረጋጋል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል፣ የሆነውንም ያስረሳል። ትንፋሽን ሊያዘገይ ስለሚችል ለአረጋውያን መጠኑ ይቀነሳል። ስለዚህ ከመስማማታችን በፊት ሐኪሙን ጠየቅሁት፦ ኦክስጅኑ ይሠራል? እርስዎ ስክሪኑን ሲያዩ የእሷን ትንፋሽ ብቻ የሚከታተለው ማነው? የመድኃኒቱን ኃይል የሚሽረው ፍሉማዜኒል እዚህ ክፍል ውስጥ አለ? አልተቆጣም። ሲሊንደሩን ከፍቶ አሳየኝ፣ መድኃኒቱን አወጣልኝ፣ ራስጌዋ የምትቆመውን ሲስተር ጠቆመኝ። ጣቷ ላይ የተደረገው የደም ኦክስጅን መለኪያ 95 በመቶ ያሳይ ነበር፤ ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ይህ ለእሷ ደኅና ቁጥር እንደሆነ አስረዳኝ። እናንተም እነዚህን ከመጠየቅ አትፈሩ። ፍራንክፈርት ለእኔ የተሰጠኝ ፕሮፖፎል የሚባለው ማደንዘዣ ጭልጥ አድርጎ ነው የሚያስተኛው፤ የሚሽረው መድኃኒት ግን የለውም፤ ትንፋሽ የሚጠብቅ የሠለጠነ ሰው ከሌለ ፈጽሞ አይሰጥም።

እኔ ነቅቼ እንዲሠራልኝ የመረጥሁት እናቴን ወደ ቤት የምወስድ እኔ ስለሆንሁ ነው። ስፕሬዩ ይመራል፤ ጥቂት ቆይቶ ጉሮሮ ያበጠ ይመስላል፣ ምራቅ መዋጥም ያስፈራል። ቱቦው ከትንሽ ጣት ይቀጥናል፤ ግን የምላስን ሥር ሲያልፍ ያለው ቅጽበት ከባድ ነው። አቅለሸለሸኝ፣ እንባዬ ወረደ፣ እጄ ሳላዝዘው ቱቦውን ሊይዝ ተነሣ። ሲስተሯ እጄን ያዘችው። «አሁን ይዋጡት። በቃ አለፈ፣ ከዚህ የሚብስ የለም። ምራቁን አይዋጡ፣ ይፍሰስ። በአፍንጫ ረዘም አድርገው ይተንፍሱ።» ሆዴ በንፋስ ሲነፋ አገሣሁ፤ «ያግሡ፣ ነውር የለውም» አለችኝ። ናሙና ሲቆነጥሩ ምንም አልተሰማኝም። ሕመም አልነበረውም፤ የሚያታፍን የሚመስል ጭንቀት ነው የነበረው፣ ያም አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አበቃ። የሚመጣውን ሁሉ ቀድማ የምትነግረኝ ሲስተር ባትኖር ግን እስከ መጨረሻው እችል ነበር አልልም። ለዚህ ክሊኒክ ሙሉ ምስጋና የምሰጠው በእሷ ምክንያት ነው።

ነቅቶ መሠራት ሌላ ጥቅም አለው። የጨጓራዬን መቅላት በስክሪኑ ላይ ራሴ አየሁ፣ ማብራሪያውንም በጆሮዬ ሰማሁ። ለእናቴ ግን ሐኪሙ ውጤቱን የነገራት ገና በደንብ ሳትነቃ ነበር፤ «እሺ ልጄ» እያለች ሰማችው፣ ከሰዓት በኋላ ግን አንድም ቃል አታስታውስም። ውጤቱ ለአስታማሚው እንዲነገር፣ ከፎቶው ጋርም በጽሑፍ እንዲሰጥ አጥብቃችሁ ጠይቁ። እኛ ስንጠይቅ ወዲያው አትመው ሰጡን።

ዘመዶቻችን ለዚያው ቀን በጀልባ ወደ ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሊወስዱን አስበው ነበር። አስተላለፍነው፤ መርፌ የተወጋ ሰው ጀልባ ላይ የሚወጣበት ቀን አይደለም። ኮንትራት ባጃጅ ይዘን ቤት ገባን። ጉሮሮዬ እስኪነቃ አንድ ሰዓት ያህል ምንም አልቀመስሁም፤ ከዚያ ሁለታችንም የቀዘቀዘ አጥሚት ጠጣን።

የእናቴ ናሙና ክፉ ነገር አልተገኘበትም፤ ሁለታችንም ግን ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ አለብን። በ14 ቀን የሚያልቅ አሞክሲሲሊን፣ ክላሪትሮማይሲንና ኦሜፕራዞል ታዘዘልን፤ ሦስቱንም አንድ ፋርማሲ አገኘናቸው። ባክቴሪያው መጥፋቱን ለማወቅ ሌላ ኢንዶስኮፒ አያስፈልግም፣ የሰገራ ምርመራ ይበቃል፤ መድኃኒቱ ካለቀ ቢያንስ 4 ሳምንት፣ ኦሜፕራዞል ከቆመ ደግሞ 2 ሳምንት መቆየት አለበት። የእናቴን ቀጠሮ ወንድሜ ይዞታል።